ማሲንቆውን ኤፖክሲ እንዳታስነካው

ይድረስ ለወንድሜ፤ እንዴት ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከደብረ ብርሃን ብርድ በቀር የሚያማርረኝ የለም። ስለ ዝምታው አንካሰስ፤ አንተም አልጻፍክም፣ እኔም አልጻፍኩም።

ያስጻፈኝ የእህትህ ወሬ ነው። የአባትህ ማሲንቆ ሳጥኑ ከማዕዘኑ ተላቆ ኤፖክሲ የሚሉትን ኃይለኛ ማጣበቂያ ልትገዛለት መሆኑን ነገረችኝ። ተው! ጥንካሬውንስ ማን ይክዳል? ጣጣው በኋላ ነው፤ ነገ ሳንቃው ቢሰነጠቅ ጠጋኙ እንጨቱን ሳይጎዳ መክፈት ይቸግረዋል። ከከብት ቆዳ ተቀቅሎ የሚሠራው የቆዳ ኮላ ግን ሙቅ ውሃና እንፋሎት ሲያገኘው ይለቃል። የጣሊያኗ ክሬሞና ቫዮሊኖች ከ300 ዓመት በኋላም እየተከፈቱ የሚጠገኑት በዚሁ ኮላ ስለተሠሩ ነው።

ነጩን የአናጺ ኮላ አልጠላውም፤ ለወንበር ማን ብሎት። ሁልጊዜ የሚጎተት መገጣጠሚያ ላይ ግን ቀስ በቀስ ይንሸራተታል፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥም ይለሰልሳል። የቆዳው አንዴ ከደረቀ ንቅንቅ አይልም፤ ጠላቱ እርጥበት ነው። አያቶቻችን በበገናው ላይ ከሁለቱም ተገላግለዋል፤ ቆዳውን እርጥብ ሳለ በጠፍር ሰፍተው ይወጥሩታል፣ ሲደርቅ ራሱ ይከራል።

መጀመሪያ የተላቀቀው ቦታ ላይ ሙቅ ውሃ ጠብ አድርግበት። ከነጣ የአናጺው ኮላ ነው፤ አዲሱ ስለማይዝበት እስከ እንጨቱ ፍቀህ አንሳው። ከሙለጨለጨና ቆዳ ቆዳ ከሸተተ ዕድለኛ ነህ፤ ትኩሱ አሮጌውን አቅልጦ አብሮት ይይዛል።

የኮላውን ፍርፋሪ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈህ አሳድረው። ሲያብጥ ጣሳውን ሙቅ ውሃ ባለው ድስት ውስጥ አስቀምጠህ እስከ 60 ዲግሪ ገደማ አሙቀው፤ ከፈላ ጉልበቱ ያልቃል። እዚህ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በኅዳር ጠዋት ብሩሹ ላይ እያለ ይረጋብኛልና ሳንቃውን አስቀድሜ ከከሰል ምድጃ አጠገብ አሞቀዋለሁ፤ አንተም እንዲሁ አድርግ። ሽታው ደስ አይልም፤ ባለቤትህን አስፈቅድ።

ከዚያ በገመድ ጠፍረህ እስከ ማግስቱ ተወው። የፈረስ ጭራውን መጨረሻ ላይ ወጥር። ኮላውን በእህትህ እልክልሃለሁ፤ ለፋሲካ ስትመጣ ማሲንቆውን ይዘኸው ና። ልጆቹን ሳምልኝ።

ወንድምህ