የትንሿን ባቡር ቦይለር ማን ይፈትሽልን?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ያየሁት ቪዲዮ ነው። ሁለት ጎረምሶች ከአሮጌ የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ቦይለር (ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያፍን ዝግ ጋን) ሠርተው፣ ከሥሩ ከሰል አቀጣጥለው በእንፋሎቱ ጎማ ያሽከረክራሉ። ሕፃናት ዙሪያውን ከበው ያጨበጭባሉ። ልጆቹን አድንቄያለሁ፤ እጃቸው ሥራ ያውቃል። ነገር ግን ግፊቱን የሚለካ ማኖሜትር የለ፣ ትርፍ ግፊት የሚያስወጣ ሴፍቲ ቫልቭ የለ። ሲሊንደሩን ከውስጥ ዝገት ምን ያህል እንደበላውም የሚያውቅ የለም።

እኔ እዚሁ አዳማ ቶርኖ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከሥራ ሰዓት ውጭ ስፋቱ 127 ሚሊ ሜትር በሆነ ሐዲድ ላይ የሚሄድ የእንፋሎት ባቡር እሠራለሁ። ይህ ልክ በሌላው ዓለም ትንንሽ ባቡር በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ለእኛ ደግሞ የበለጠ ይገጥማል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው፣ በእኛም ከተማ በኩል ያለፈው የድሮው የጅቡቲ መስመር ስፋቱ 1 ሜትር ነበርና የእኔው ሐዲድ የዚያ አንድ ስምንተኛ ሊባል ይችላል። ርዝመት በስምንት ሲካፈል ክብደት በ512 ይካፈላል፤ 40 ቶን የሚመዝን ባቡር ወደ 78 ኪሎ ይወርዳል ማለት ነው። ይቺው 78 ኪሎ ዝቅ ያለ ፉርጎ ላይ የተቀመጡ በርከት ያሉ አዋቂዎችን ትጎትታለች።

“በዚህ ኑሮ መጫወቻ?” የሚሉኝ አሉ። መዳብ ውድ መሆኑን አልክድም። ግን ለማጅ አንድ ጥንድ ጎማ ሲገጥም አጠገቡ ቆመው ቢያዩ ደስ ይለኛል። ፒስተኑ ጎማውን የሚያዞርበት የግራውና የቀኙ ክንድ በ90 ዲግሪ መለያየት አለበት፤ አንደኛው ፒስተን ጫፍ ደርሶ አቅም ሲያጣ ሌላው መሃል ላይ ሆኖ እንዲገፋ ነው። ይህ ማዕዘን ደግሞ በሁሉም ጥንድ ጎማዎች ላይ በትክክል አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አንዱ ጥንድ ለዓይን በማይታይ መጠን ከተዛነፈ ጎማዎቹን የሚያያይዘው ዘንግ በየዙሩ ይነክሳል፣ ባቡሯም ትንቀጠቀጣለች። ልጁ አውልቆ እንደገና ይለካል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የመኪና መለዋወጫ በመጠገን ብቻ አይገኝም።

እሳቱም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ሲጀመር ጭስ ማውጫው ላይ ትንሽ ማራገቢያ ተቀምጦ በላምባ የራሰ ከሰል ይለኮሳል። አንዴ ግፊት ከያዘች በኋላ ማራገቢያው ይነሳል፤ ፒስተኖቹ ከሚመላለሱባቸው ሲሊንደሮች የሚወጣው ያገለገለ እንፋሎት በጭስ ማውጫው ሲወረወር አየሩን እየሳበ እሳቱን ያነደዋል። ብዙ በጎተተች ቁጥር እሳቷም ይበረታል። ዳገት ላይ የሚሰማው ያ ጩኸት ከዚህ ነው የሚመጣው፤ በጎማው አንድ ዙር አራት ጊዜ። (ውሃው የዝናብ ቢሆን ይመረጣል። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ማንቆርቆሪያችን ላይ የሚጋግረውን ነጭ ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቦይለርንም አይምርም።)

ወደ ዋናው ጉዳዬ ልመለስ። አዳማ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ ወደ 95 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል። በ6 ባር ግፊት የታፈነ ውሃ ግን ከ160 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ቦይለሩ ከተቀደደ ያ የጋለ ውሃ ግፊቱ በድንገት ይለቀውና ከፊሉ ባንድ አፍታ እንፋሎት ይሆናል፤ አንድ ሊትር ውሃ ሙሉ በሙሉ ሲተን ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። የመዳብ ቦይለር በከፍተኛ ሙቀት ብቻ በሚቀልጥ የብር ብየዳ የሚያያዘውም ለዚህ ነው። ለራዲያተር ብየዳ የምንጠቀምበት ስታኞ 180 ዲግሪ አካባቢ መቅለጥ ይጀምራል፤ ከቦይለሩ ሙቀት ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ፍተሻው ሲነገር ያስፈራል እንጂ ቀላል ነው። ቦይለሩ እሳት ሳይነካው አየር እስኪያጣ ድረስ በቀዝቃዛ ውሃ ይሞላል፤ ከዚያ በእጅ ፓምፕ ከሚሠራበት ግፊት እጥፍ ድረስ ይጨመቃል። ለ6 ባር የተሠራ 12 ባር ይችል እንደሆነ ይታያል ማለት ነው። ውሃ እንደ እንፋሎት ስለማይታመቅ፣ ብየዳው ቢከዳ እንኳ ፍንዳታ የለም፤ የማኖሜትሩ ቀስት ዝቅ ይላል፣ በስንጥቁ በኩል ውሃ ጠብ ይላል፣ በቃ። እንግሊዝ አገር ማኅበራቱ የራሳቸው ፈታሽ አላቸው። አዲስ ቦይለር በእጥፍ ግፊት ይፈተናል፤ ከዓመታት በኋላ በአንድ ተኩል እጥፍ ይደገማል። ወረቀት የሌለው ባቡር ማኅበሩ ሐዲድ ላይ አይወጣም። ሠሪው የራሱን ቦይለር ፈትሾ አያሳልፍም።

እኔም የራሴን ይዤ የሚመለከተው ወደመሰለኝ ቢሮ ሄጄ ነበር። ባለሙያው ስዕሉን አገላብጦ አየና “ጋሼ፣ ለፋብሪካ ቢሆን እሺ፤ ለመጫወቻ ፎርም የለንም” ብሎ ሳቀ። አልፈረድኩበትም፤ እውነትም ፎርም የለም። ፎርሙን የሚያወጣ ሰው ነው የጠፋው።

የባለሙያ ድርቅ ግን የለብንም። ወንጂ አጠገባችን ነው፤ ስኳር ፋብሪካው ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ በእንፋሎት ሲሠራ፣ የአገዳ ገለባ እያነደዱ ቦይለር ሲጠብቁ ያረጁ ሰዎች ዛሬም በየሰፈራችን አሉ። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መምህራን አሉ፤ በየጋራዡ ብየዳ አይተው ደካማውን የሚለዩ አሉ። ከተማው ከእነዚህ ሦስት አራት ሰው ሰይሞ፣ በወር አንድ ቅዳሜ በአንድ ቴክኒክና ሙያ ግቢ ቦይለር የሚያዩበትን ሁኔታ ቢያመቻች በጀት የሚያስጨንቅ ነገር አይደለም። ፓምፕ፣ ማኖሜትርና ማኅተም ይበቃል። ሐዲድና መናፈሻ እንዲሠራልን የምንጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል።

ቪዲዮው ላይ ያሉት ልጆች ይህን ካነበቡ ሲሊንደሩን ለቆራሌው ይስጡትና በዝግጅት ክፍሉ በኩል ያግኙኝ። የመዳብ ቁራጭ አላጣላቸውም። ሲጨርሱ በእኔ ፓምፕ እንፈትሸዋለን፤ የእኔንም ቦይለር እነሱ ይጭመቁልኝ፣ እኔ ዳር ቆሜ አያለሁ።

አንድ የቶርኖ ባለሙያ
ከአዳማ