21 ቀን ሳይሞላ ሜዳ እንዳትገባ

የኔ ጌታ፣

እህትህ ቪዲዮውን አሳየችኝ። እሷን እንዳትቆጣት፣ ስልኩን የቀማኋት እኔ ነኝ። ኳሷን ልትይዝ ስትዘል ያ ልጅ ከኋላ መጥቶ በጉልበቱ ጭንቅላትህን ሲመታህ አየሁ። ወድቀህም ኳሷን አልለቀቅክም። ሜዳውን የከበቡት መኪኖች ክላክስ ያስጮኻሉ፤ የገጠር ፉቲ፣ ያ ኳሷን በእጅም በእግርም የምትጫወቱት የአውስትራሊያ እግር ኳስ፣ ጭብጨባው ይሄው ነው። እኔ ግን ክንድህን ነበር የማየው። ደርቆ አየር ላይ ቀረ።

"እማዬ ደህና ነኝ፣ ትንሽ ነው ያዞረኝ" ብለህ ስልኩን ዘጋህብኝ። ከዚያ የሰማሁት አሰልጣኝህ ለፋይናሉ ሊያሰልፍህ ማሰቡን ነው።

ስማኝ አንተ ልጅ። 21 ቀን ሳይሞላ ሜዳ እንዳትገባ። የእናት ፍርሃት አይደለም፣ የራሳችሁ ሕግ ነው። እንደ እናንተ ባለ ሊግ ጭንቅላቱን ተመትቶ አንጎሉ የተናጋ ቢያንስ 21 ቀን ይጠብቃል፤ ያም ሐኪም ሲፈቅድለት ነው። አሰልጣኝ ሐኪም አይደለም።

ሄልሜት አደርጋለሁ እንዳትለኝም። ያ የፉቲ ተጫዋች አንገስ ብሬሾ ሄልሜት አድርጎ አልነበር የሚጫወተው? ከሜልበርን ክለብ ጋር በ2021 ዋንጫ በላ፣ በ2023 ጭንቅላቱን ተመታ፣ በ2024 ገና በ28 ዓመቱ በሐኪም ምክር ጫማውን ሰቀለ። የድሮው የፉቲ ኮከብ የፖሊ ፋርመር የአንጎል ጉዳት ደግሞ የታወቀው ከሞተ በኋላ አንጎሉ ሲመረመር ነው።

አጎትህስ? ስትደውልለት ያንኑ ጥያቄ ሲደጋግምብህ ትስቃለህ አይደል? እንዲህ አልነበረም። ደሴ፣ ሆጤ ሜዳ በረኛ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ስሙን እየጠራ ይጨፍራል። ሱቅ ውስጥ አባባ ወረቀት እስኪያነሱ እሱ ሒሳቡን በቃሉ ጨርሶታል። ከኮምቦልቻ ልጆች ጋር ሲጫወቱ ከግቡ ቋሚ ጋር ተጋጨ። ውሃ አፈሰሱበት፣ "ወንድ ነህ!" ብለው መለሱት። በሳምንቱ ጭንቅላቱን እዚያው ቦታ ላይ ተመታ። ሰው የሚያነሳው ያን ቀን ያዳናትን ፍጹም ቅጣት ምት ነው። እኔ የማስታውሰው ብርሃን ሲያመው መስኮቱን በነጠላ ጋርዶ መዋሉን፣ የስኳሩን ዋጋ መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ መጻፉን ነው። አባባ መዳፉን አይተው ዝም አሉ። የሱቁን ቁልፍ ለእኔ ሰጡኝ። አሥረኛ ክፍል ነበርኩ፤ ትምህርቴ እዚያው ቀረ። ነርስ መሆን ነበር የምፈልገው። እሱ ይቅር።

ምን እያልኩህ ነበር? አዎ፣ 21 ቀን።

የልብህን አውቃለሁ። የፉቲው ኮከብ ደስቲን ማርቲን ከዚያው ከካሰልሜይን ከተማ ተነስቶ፣ በወጣቶቹ ቡድን በቤንዲጎ ፓዮኒርስ አልፎ ትልቁ ክለብ ሪችመንድ ገባ ትለኛለህ። ባቡሩ ካሰልሜይን በቆመ ቁጥር እኔም አስበዋለሁ፣ አትሳቅ። ግን ማርሊየን ፒኬት ያንኑ የሪችመንድ ማሊያ ለብሶ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በ27 ዓመቱ ነው፣ ያውም በ2019 የዋንጫ ጨዋታ። እሱ ያን ያህል ዓመት ሲጠብቅ አንተ ሦስት ሳምንት ያቅትሃል?

አሁን የምልህን አድርግ። ለአለቃህ ንገረውና መሰላል ላይ አትውጣ። መኪና አትንዳ። ማታ ማታ ስልክህ ላይ አታፍጥጥ። የጨዋታው ብር ቀረ ብለህ አትጨነቅ፣ የዚህን ወር ኪራይ አግዝሃለሁ። እሁድ በባቡር ና፣ ፉትስክሬይ ጣቢያ እጠብቅሃለሁ። የቆሸሸ ልብስህንም፣ የወሰድከውን የሽሮ ዕቃም ይዘህ ና፤ ባዶውንም ቢሆን።

የሐኪሙን ወረቀት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። አሰልጣኝህ ከጨቀጨቀህ ቁጥሬን ስጠው። ለእሱ የሚበቃ እንግሊዝኛ አለኝ።

እናትህ