ለአዲሱ ኮሚቴና ለእድራችን አባላት በሙሉ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። አዲሱ ኮሚቴ ሥራ ሳይጀምር ስለ መሪ ትሕትና ጥቂት እንበል፤ ስለ ጠባይ ሳይሆን ስለ አሠራር።

ሰብሳቢው አጀንዳውን ካስረዳ በኋላ ዝም ይበል፤ የራሱን ሐሳብ መጨረሻ ላይ ይናገር። ቀድሞ «እኔ የሚመስለኝ» ካለ ነገሩ አለቀ፤ ታላቅን መቃወም የሚከብደን ሰዎች ነን። እጅ ይወጣል፣ ውሳኔው ይጸድቃል፣ ዋናው ስብሰባ ግን ከበር ውጭ ይጀመራል። ቆይቶ መዋጮው ሲጓተት «ምን ነካቸው?» ይባላል። ከኋላ የሚቀመጡትን እናቶች በየስማቸው ጠይቁ፤ የትኛው ድስት እንደሚያፈስ፣ ለቅሶ ቤት ውኃ የሚያጥረው በስንት ሰዓት እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ መናገር የሚቀለው አባል በዚያው ይናገር። ድሬ ላይ ነን፤ ሰብሳቢው ካልገባው «ተርጉሙልኝ» ቢል አያንስም።

ስሕተት ሲገኝ ምን እንደጎደለ፣ ኃላፊነቱ የማን እንደነበረ፣ መቼ እንደሚስተካከል በግልጽ ይነገር። የጎደለው 400 ብር ከሆነ «400 ብር» ተብሎ ይጠራ። «አንዳንድ ክፍተቶች ነበሩ» ማለት ሐሜቱን 4,000 ያደርሰዋል። ገንዘብ ያዡም ደረሰኝ ሲጠየቅ አይቆጣ፤ መዝገቡን ከፍቶ ያሳይ።

ድንኳን ሲተከል ሰብሳቢውም አንድ ካስማ ይምታ፤ ለፎቶ ግን አይደለም።

የርክክቡ ስብሰባ እሑድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ነው። የቀድሞው ኮሚቴ መዝገቡንና ቁልፎቹን ይዞ ይምጣ።