ቀኗ እንዳታልፍህ

ማሙዬ፣ እንደምን ከረምክ? ባለቤትህና ሕፃኑ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ነው አልፎ አልፎ የሚያስቸግረኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እህትህ ነገረችኝ። የቤትህ ክፍያ በወር 560 ዶላር ጨምሮብህ ማታ ማታ ኡበር መንዳት ጀምረሃል አሉ። ለምን ደበቅከኝ? ደውዬ ልቆጣህ ነበር። ግን ስልክ ላይ «እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ» እያልክ ታልፈኛለህ። ለዚህ ነው የጻፍኩልህ። ወረቀት ፍሪጅ ላይ ይለጠፋል።

ዋናውን ልንገርህ። ለግብር ብለው ቤትህን የገመቱበትን ዋጋ መቃወሚያዋ የመጨረሻ ቀን ሜይ 15 ናት፤ በእኛ ግንቦት 7። በ2026 ዓርብ ትውላለች። የተላከልህ ደብዳቤ ላይ ቀኑ ተጽፏል፣ አይተህ አረጋግጥ። ያቺ ቀን እንዳታልፍህ።

ክፍያህ ለምን እንደዘለለ ገብቶኛል። በኦገስት 2024 ቤቱን ስትረከብ ቀለሙ ገና ይሸት ነበር። እዚህ ቴክሳስ የቤት ግብር የሚሰላው ንብረቱ ጃንዋሪ 1 ላይ በነበረበት ሁኔታ ነው። የዚያ ዓመት ጃንዋሪ 1 ደግሞ ቦታው ባዶ መሬት ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ግብር የመሬቱ ብቻ ሆነ። ባንኩም ለኤስክሮ፣ ማለት ከወር ክፍያህ ላይ ለግብር ለሚያስቀምጠው ገንዘብ፣ በዚያው ልክ ያዘልህ። በሚቀጥለው ዓመት ሙሉ ቤት ተገመተ፣ ኤስክሮው ጎደለ። የጎደለውንና የሚመጣውን ደርበው ጫኑብህ። ማንም አላታለለህም። ግን ማንም ቀድሞ አልነገረህም። እኔም ያን ቀን ድፎ ዳቦ ተሸክሜ መጥቼ እልል ስል ነበር።

ካውንቲያችሁ እንዴት እንዳደገ ታያለህ። ኮሊን በ2010 ቆጠራ 782 ሺህ ሰው ነበረው፤ በ2020 ከ1 ሚሊዮን 64 ሺህ አለፈ። እዚያው ካውንቲ ውስጥ ያለችው ፕሪንስተን ከተማማ ከ2023 እስከ 2024 ባለው ጊዜ በአሜሪካ ከተሞች ውስጥ በፍጥነት በማደግ አንደኛ ተብላለች። ይህን ሁሉ ቤት ገማቹ እየገባ አያየውም። በጅምላ ነው የሚገምተው። ዝናብ ሲዘንብ ጓሮህ ውሃ እንደሚቋጥር አያውቅም። አንተ ካልነገርከው ማን ይነግረዋል?

አሁን ልቆጣህ ነው። ሆምስቴድ የሚሉትን፣ ለሚኖሩበት ቤት ግብር የሚያስቀንሰውን ማመልከቻ፣ ሞልተሃል? መንጃ ፈቃድህ ላይ ያለው አድራሻ እስካሁን የእኔ የጋርላንዱ ቤት ነው አሉ። ልጄ፣ አድራሻው ከቤቱ ጋር ካልገጠመ ማመልከቻህን ይመልሱብሃል። ነገ ቀይረው። በኖቬምበር 2025 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ፣ ለትምህርት ቤት ግብር ሲሰላ ከቤቱ ዋጋ የሚቀነሰው ከ100 ሺህ ወደ 140 ሺህ ዶላር ከፍ ብሏል። ከግብሩ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ትምህርት ቤቱ ነው። ይህን ጥለህ ሌሊቱን ሰው ስታመላልስ ታድራለህ? ያለፈው ዓመት ቢያመልጥህም ዘግይቶ ማመልከት ይቻላል። ደግሞ በነፃ ነው። «ክፈሉንና እናስመዝግብላችሁ» የሚል ደብዳቤ ቢመጣ ቅደደው።

ሆምስቴድ ሌላ፣ ተቃውሞ ሌላ ነው። አንዱን ጨርሰህ ሌላውን እንዳትተወው። ሜይ 15።

ለምን እንደምጨቀጭቅህ ልንገርህ። የአያትህን ቤት ታሪክ ታውቀዋለህ። ሐምሌ 1967 የትርፍ ቤት አዋጅ ሲታወጅ የ9 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ጉለሌ ያሠራትን ሁለተኛ ቤት ወሰዱበት። ግብር የከፈለበትን ደረሰኝ ሁሉ በብስኩት ቆርቆሮ አስቀምጦት ነበር። አንድም ቀን አውጥቶ ለማንም አላሳየም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይል ነበር። ያንን ቃል ይዤ ነው ቴክሳስ የገባሁት።

አባትህ ግን እንደዚያ አልነበረም። በ2016 የቤታችን ግምት ሲመጣ «ይሄ ልክ አይደለም» አለ። የዚህ አገር አፈር ልክ እንደ እኛ መረሬ ነው፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲረጥብ ያብጣል፣ ቤቱንም ይዞት ይሄዳል። የሳሎኑ ግድግዳ ከበሩ ጫፍ እስከ ጣራው ተሰንጥቆ ነበር። አባትህ አንዲት ኳርተር ሳንቲም ወስዶ ስንጥቁ ውስጥ ሰካት። ሳትወድቅ ቆመች። ፎቶ አነሳት። ከመስኮቱ በላይ ያለውንም፣ ጋራዡ ውስጥ ያለውንም እንዲሁ አነሳ። አሳጥቦ ፖስታ ውስጥ ከተታቸውና በላዩ የቀጠሮውን ቀን ጻፈበት። ሸሚዙን ተኩሶ ሰቀለ።

ያስቀረሁት እኔ ነኝ። «ከመንግሥት ጋር ምን አነካካህ? ዜግነት እንኳ ገና አላገኘንም፣ ስማችን ይያዛል» አልኩት። ሌሊቱን ሙሉ ጨቀጨቅኩት። ጠዋት ያንኑ ሸሚዝ ለብሶ ወደ ፓርኪንግ ሥራው ሄደ። አንድ ቃል አልተናገረኝም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የመጣውን ከፈልን። እሱም ቅዳሜን ጨምሮ መሥራት ጀመረ። አርባው ከወጣ በኋላ መሳቢያውን ሳጸዳ ፖስታውን አገኘሁት። ሳንቲሟ ፎቶው ላይ ዛሬም ታበራለች።

ተቃወሙ ብሎ መንገዱን የሚያሳየው ሕጉ ራሱ እንደሆነ አላወቅኩም። ተቃውሞ ስላቀረብክ ከተላከልህ ግምት በላይ አይጨመርብህም። ብጠይቅ ይነግሩኝ ነበር። አልጠየቅኩም። አሁን አንተ ሌሊት ትነዳለህ ሲሉኝ የሚታየኝ አባትህ ነው።

ስለዚህ ተቃውሞውን ቤት በሚገምተው ቢሮ፣ በኮሊን አፕሬይዛል ዲስትሪክት ድረ ገጽ አስገባ። ግብር ሰብሳቢው ቢሮ አትሂድ፤ እነሱ ገንዘብ ይቀበላሉ እንጂ አይገምቱም። ምክንያት ሲጠይቅህ ሁለቱንም ምረጥ። ከገበያ ዋጋ በላይ ነው የሚለውንም፣ ከሌሎች ቤቶች ጋር እኩል አልተገመተም የሚለውንም። ማስረጃቸውን ጠይቅ፤ ከጠየቅክ ከቀጠሮው 14 ቀን በፊት ሊሰጡህ ግድ ነው። የጎረቤቶችህ ግምት እዚያው ድረ ገጽ ላይ ይታያል። የተሸጠበት ዋጋ ግን ቴክሳስ ውስጥ ለሕዝብ አይገለጽም። ቤቱን ያጋዛህን ኤጀንት ለምነው። ቢልደሩ ያንኑ ዓይነት ቤት 30 ሺህ ቀንሶ ለጎረቤቴ ሸጠለት ብለህ ተናደህ ነግረኸኝ አልነበር? ቡና ጥራውና የግዢ ወረቀቱን እንዲያሳይህ ጠይቀው። የሰው ፊት አትፍራ።

መጀመሪያ ከገማቹ ጋር ትነጋገራለህ። ካልተስማማችሁ ተቃውሞውን ሰምቶ የሚወስን ቦርድ ፊት ትቀርባለህ። እዚያ «ግብሩ በዛብኝ» አትበል፣ ግብሩን እነሱ አይወስኑም። ስለ ቤቱ ዋጋ ብቻ ተናገር። ጊዜው አጭር ነው። በትህትና ተናገር፣ አንገትህን ግን አትድፋ።

1 ሺህ ዶላር ልኬልሃለሁ፤ እንዳትመልሰው። ቅዳሜ የአባትህን ፎቶዎች ይዤ እመጣለሁ። ለቦርዱ አይጠቅሙህም፤ እንድታያቸው ብቻ ነው። የቀጠሮህ ቀን አብሬህ እሄዳለሁ። ሸሚዝህን እኔ እተኩሰዋለሁ።

ሕፃኑን ሳምልኝ። መንጃ ፈቃዱን ነገ። ሜይ 15 እንዳታልፍህ።

እናትህ