ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ሽቶና ስለ ጎጃም አየር

ከደብረ ማርቆስ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን። «ከደመወዜ ቆጥቤ ዓመቱን ሙሉ የሚሆነኝ አንድ ጥሩ ሽቶ ልግዛ፤ የቱ ይሻለኛል?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ነው የጻፍኩልሽ። ባሕር ዳር እየኖረ በየበዓሉ ደብረ ማርቆስ ለሚመላለስ ሰው አንድ ሽቶ ዓመቱን አይዘልቅም። በዚያው ገንዘብ ሁለት ትንንሽ ጠርሙስ ግዢ፤ አንዱ ለሙቀት፣ ሌላው ለብርድ።

ሽቶ በአልኮል የተበረዘ የመዓዛ ዘይት ነው። አልኮሉ ወዲያው ይተናል፤ ዘይቶቹ ግን በየተራ ነው የሚነሱት። መጀመሪያ ሎሚ፣ ብርቱካንና ቤርጋሞት የሚባለው የብርቱካን ዘመድ ይመጣሉ፤ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይሄዳሉ። ከዚያ ጽጌረዳና ጃስሚን የመሳሰሉት አበቦች ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆያሉ። እጣን፣ ሰንደል፣ ቫኒላ፣ ማስክ የሚባለው መዓዛና ኡድ የሚባለው መዓዛማ እንጨት መጨረሻ ላይ ብቅ ብለው እስከ ማታ ይዘልቃሉ። ሙቀት ይህን ሁሉ ያፋጥነዋል፣ ብርድ ያዘገየዋል። ስለዚህ ከባድ ሽቶ በሚያዝያ እኩለ ቀን ሲቀቡት ሁሉም በአንዴ ገንፍሎ አጠገብሽ ያለውን ሰው ያፍነዋል። ቀላሉን የሎሚ ሽቶ ደግሞ በሐምሌ ጠዋት ብትቀቢው ከቆዳሽ የሚነሳው ጥቂት ነው፤ እሱም ቢሮ ሳትደርሺ ያልቃል።

ሻጮች «ይሄ የሰመር ነው፣ ያ የዊንተር ነው» ሲሉሽ የሚነግሩሽ የአውሮፓን ወቅት ነው። እነሱ ሰመር የሚሉት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን የሚሞቅበትን ጊዜ ነው፤ እኛ ያን ጊዜ ጭቃና ዝናብ ውስጥ ነን። ወሩን ብቻ አይቶ የገዛ ሰው በክረምት ብርድ የባሕር ዳርቻ ሽቶ ተቀብቶ ይገኛል። ወሩን አስተካክለሽ ብትመርጪም ገና ግማሹ ነው የተሠራው። በእኛ አገር በጠዋትና በቀትር መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት በወርና በወር መካከል ካለው ይበልጣል። በታኅሣሥ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ ነው፤ 8 ሰዓት ላይ ሹራብ የሚያስወልቅ ፀሐይ ይሆናል። ጠርሙሱን ከማንሳትሽ በፊት ልትጠይቂ የሚገባሽ «ከአሁን ጀምሮ ባሉት አምስት ሰዓታት የት ነው የምውለው?» የሚለውን ነው።

ከፍታውንም አትርሺ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 በላይ። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ደግሞ ትነት ይፈጥናል። ባሕር ጠለል ላይ ያለ ሰው «ይሄ ሎሚ አንድ ሰዓት ይቆያል» ቢልሽ፣ እዚህ በዚያው ሙቀት ያን ያህል አትጠብቂ። ወደ አዲስ አበባ ስትሄጂ ከደጀን በኋላ መኪናው ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ሙቀቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይለወጣል፣ የሚያቅለሸልሸውም ሰው ብዙ ነው። የዚያን ቀን ሽቶሽን ቦርሳሽ ውስጥ አድርጊና ስትደርሺ ተቀቢ።

አሁን ክረምቱን ላንሳ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ብርድ ነው» ብሎ ካለው ሁሉ ከባዱን፣ ጣፋጩን፣ የቫኒላና የካራሜል ሽቶውን አምስት ስድስት ጊዜ ይረጫል። ውጭው ይበርዳል፤ ሚኒባሱ ውስጥ ግን መስኮቱ ተዘግቶ፣ የረጠበ ልብስ የለበሰ ሰው ተጠጋግቶ፣ አየሩ ሞቃትና እርጥብ ነው። እርጥብ አየር ላይ ሽታ ይጎላል። ለክረምት የሚሻለው ደረቅ ጠባይ ያለው ሽቶ ነው፦ እጣን፣ ሰንደል፣ ዝግባ፣ ቅርንፉድ፣ ሄል፣ ቬቲቨር። ቬቲቨር ለአፈር ጥበቃ በየእርከኑ የሚተከለው ሣር ነው፤ ዘይቱ የሚወጣው ከሥሩ ነው፣ ዝናብ የነካው አፈር ዓይነት ሽታ አለው። ከሐምሌ አየር ጋር ይህን ያህል የሚስማማ አላውቅም። ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ደረትሽ ላይ፣ ከልብሱ ሥር ተቀቢ። የገላሽ ሙቀት ቀስ እያለ ያወጣዋል።

በክረምት ሌላው ጣጣ የልብስ ሻጋታ ነው። በደንብ ሳይደርቅ የታጠፈ ልብስ ላይ ሽቶ ሲረጩበት ሻጋታው አይጠፋም፤ ሁለቱ ተደባልቀው ከሁለቱም የባሰ ሽታ ይወጣል። የጭስና የላብ ሽታም እንደዚሁ ነው። ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ልብሱን አውጪና ገልብጠሽ አስጪ፤ ቁም ሣጥኑን ክፈቺው። ሽቶ የሚቀባው በንጹሕና በደረቅ ነገር ላይ ነው።

ዝናቡ ወጥቶ አደይ ሲፈነዳ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ለሽቶ ከሁሉም የሚመቸው ጊዜ ነው። አየሩ አይሞቅም፣ አይበርድም፣ ገና አልደረቀም። ጽጌረዳም ጃስሚንም፣ ቅጠል ቅጠል የሚሸተውም ያምራል፤ ብዙ የምለው የለኝም። ማር በሚቆረጥበት ሰሞን ቀፎ ወዳለበት ግቢ የምትሄጂ ከሆነ ግን ጭራሽ አትቀቢ። ንብ ስትቆጣ ሌሎቹን ለመጥራት የምትለቀው ሽታ ዋና ክፍሉ አይሶአሚል አሲቴት የሚባል፣ ሙዝ ሙዝ የሚሸት ነገር ነው። ይኸው ንጥረ ነገር ለፍራፍሬ ሽታ ተብሎ መዋቢያዎች ውስጥ ይጨመራል።

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ችግሩ ድርቀት ነው። ደረቅ ቆዳ ሽቶ አይዝም፤ የተቀባሽው በአንድ ሰዓት ጠፋ ብለሽ ጠርሙሱን አትውቀሺ። ገላሽን ታጥበሽ ቆዳሽ ገና ሲለሰልስ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ወይም ሎሽን በስሱ ተቀቢ፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይተሽ ሽቶውን እዚያው ላይ ርጪ። ሽታ ያለው ቅባት ከሆነ ከሽቶው ጋር ይጣላል፤ ፀጉርሽን በአደስ ቅቤ በተቀባሽበት ቀንም አበባ አበባ የሚለውን ትተሽ እጣን ወይም ሰንደል ያለበትን ያዢ። የጥር ምሽት ደግሞ አምበር የሚባለው ሞቅ ያለ ጣፋጭ መዓዛና የቫኒላ ጊዜ ነው፤ ሰርግ ላይ ከ12 ሰዓት በኋላ ብርዱ ሲወርድ ጣፋጩ ሽቶ ለስልሶ ይወጣል። ብቻ ነጠላሽና የሐበሻ ቀሚስሽ ላይ እንዳትረጪው። የቫኒላን ሽታ የሚሰጠው ቫኒሊን አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፤ ነጭ ጨርቅ ላይ ቡናማ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። አልኮል የሌለው የዘይት ሽቶ ከሁሉም የባሰ ነው። ቀድመሽ ገላሽ ላይ ተቀቢ፣ አሥር ደቂቃ ይድረቅ፣ ከዚያ ልበሺ። ገላሽ ላይ የማይቆይልሽ ከሆነ ጥቁር ሹራብ ወይም ካፖርት ውስጡን አንዴ ርጪው፤ ሱፍ ሽታን ለቀናት ይይዛል።

መጋቢት፣ ሚያዝያና ግንቦት ባሕር ዳር ላይ ይከብዳሉ፤ ቀትር ላይ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ላቬንደር፣ ቀላል ማስክ፣ ሻይ ቅጠል የሚሸቱ ሽቶዎች የዚህ ጊዜ ናቸው። ቶሎ መጥፋታቸው ጠባያቸው ነው፤ እንዲቆዩ ብለሽ ስምንት ጊዜ ከመርጨት በ10 ሚሊ ሊትር ትንሽ መርጫ ቀንሰሽ ያዢና 7 ሰዓት ላይ አንዴ ድገሚው። ከመድገምሽ በፊት ላቡን በውኃ አጥቢ። ብብት የሽቶ ቦታ አይደለም፤ አልኮሉ ያቃጥላል፣ የላቡም ሽታ ከሽቶው ጋር ይበላሻል። ብብትሽን ሽታ በሌለው ዲዮድራንት ያዢው። አንገትሽ ላይም ተቀብተሽ ቀጥታ ፀሐይ አትሂጂ። ከቤርጋሞትና ከሎሚ ልጣጭ የሚወጣ ተፈጥሯዊ ዘይት ቆዳ ላይ እያለ ጠንካራ ፀሐይ ሲያርፍበት አቃጥሎ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። የታወቁት አምራቾች ይህን የሚያመጣውን ቤርጋፕቴን ይቀንሱታል ወይም ያወጡታል፤ የት እንደተቀመመ የማይታወቅ ርካሽ ሽቶ ግን ምን እንደያዘ ማን ያውቃል? የደጋ ፀሐይ ደግሞ በርትቶ ነው የሚመታው። ከጉልበት ኋላ ወይም ከክርን ውስጥ በቂ ነው።

ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውንም ማንበብ ልመጂ። ኦ ደ ኮሎኝ የሚለው ከ2 እስከ 5 በመቶ የሚሆን ዘይት አለው፣ ኦ ደ ቷሌት ከ5 እስከ 15፣ ኦ ደ ፓርፋም ከ15 እስከ 20፣ ፓርፋም ወይም ኤክስትሬ ከ20 በላይ። አምራቹ በፈለገው መጠን ስለሚሠራ ይህ ልክ ግምት ነው። ለሙቀት ኮሎኝ ወይም ቷሌት፣ ለብርድ ኦ ደ ፓርፋም ብትይ ብዙ አትስቺም። የዘይት ሽቶ ከሆነ በጣትሽ ጫፍ የነካ ያህል ይበቃል፤ ከሰው ርቆ አይሸትም፣ ለቢሮ ይመቻል።

ልኩን ላስላልሽ። መርጫውን አንዴ ስትጫኚው 0.1 ሚሊ ሊትር ያህል ይወጣል። 50 ሚሊ ሊትር ወደ 500 ጊዜ ይረጫል ማለት ነው፤ በቀን ሦስቴ ብትረጪ ከአምስት ወር በላይ ይሄዳል። 30 ሚሊ ሊትሩ በቀን ሁለቴ እየተረጨ አምስት ወር ይሆንሻል። ስለዚህ ለሙቀቱ 50ውን ቷሌት፣ ለብርዱ 30ውን ኦ ደ ፓርፋም ግዢ። ባለ 100 ሚሊ ሊትሩ በዋጋ ያዋጣ ይመስላል፤ ግን ተከፍቶ ለዓመታት ሲቀመጥ አየር ይገባውና ሎሚው ይኮመጥጣል። ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ርቀሽ ርጪ። የእጅሽን አንጓ ከአንጓ አትፈትጊ፤ ሙቀቱ የመጀመሪያውን መዓዛ ያጣድፈዋል።

ልትገዢ ስትሄጂ ልብስሽም ገላሽም ሽታ አይኑረው። በአንድ ቀን ከሦስት በላይ አትሞክሪ፤ አፍንጫ ይደክማል። መጀመሪያ ወረቀት ላይ፣ ከዚያ የወደድሽውን ብቻ ክንድሽ ላይ። በሁለቱ መካከል ቡና አሽትቺ ይሉሻል፤ ንጹሕ አየር ከመሳብ የተለየ ጥቅም የለውም፣ የራስሽን ሹራብ እጅጌ አሽትቺ። ከሁሉም በላይ ወዲያው አትክፈዪ። የፈረንሳዩ ሽቶ አምራች ገርላን እ.ኤ.አ. በ1925 ያወጣው ሻሊማር የተባለው ሽቶ ሲረጭ ቤርጋሞት ነው፤ ቆይቶ የሚቀረው ቫኒላ ነው። በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ፈርዶ የገዛ ሰው ከሰዓት በኋላ የማያውቀው ሽቶ ተቀብቶ ይውላል። የሙቀቱን ሽቶ 6 ሰዓት ላይ ሞክሪው፣ የብርዱን በጠዋት ወይም በምሽት፤ ሱቅ ውስጥ በጥላ የሸተተው ውጭ ሌላ ነው።

ፎርጅዱ ብዙ ስለሆነ ካርቶኑ ላይና ጠርሙሱ ሥር የታተመውን የምርት ቁጥር አስተያዪ፤ ካልተመሳሰለ ተይው። ቢመሳሰልም ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም። ክዳኑ የሚወዛወዝ፣ መርጫው እንደ ጉም በመበተን ፈንታ የሚያንጠባጥብ፣ ሲረጭ የአልኮሉ ሽታ አልለቅ የሚል ከሆነም ተይው። በብዙ ሺህ ብር ከተገዛ ፎርጅድ ይልቅ በትክክለኛ ስሙ የሚሸጥ መካከለኛ የዱባይ ሽቶ በጣም ይሻላል።

ስታስቀምጪው ከካርቶኑ አታውጪው። ብርሃንና ሙቀት ሽቶን ያበላሻሉ፤ መስኮት አጠገብና ሻወር ቤት ቦታው አይደለም። የተከራየሽው ቤት ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ከሆነ ቁም ሣጥኑ ላይ ሳይሆን ከታች፣ ከልብሱ ሥር አድርጊው። በመጋቢት ቆርቆሮ ሥር ያለው አየር ሌላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ከጥርኝ የሚወጣው ዝባድም የኛ አገር ሽቶ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ከዓባይ ማዶ የሚመጣ ዝባድ የጁቤ አጠገብ ባለው የባሶ ገበያ ይሸጥ ነበር። ዛሬ በሽቶ ውስጥ ያለው አብዛኛው በቤተ ሙከራ የሚሠራው ነው፣ እንስሳውን ሳያሠቃይ። የብርዱን ሽቶ ስትመርጪ «ሲቬት» የሚል ካየሽ እሱ ነው፤ ብዙ ከሆነ ይከብዳል፣ በጥቂቱ ግን አበባን ያሞቀዋል።

ለፋሲካ ስትመጪ አክስትሽ እኛ ዘንድ ነች። አስሟ ስለሚነሳባት የዚያን ሰሞን የሚረጨውን ሁሉ ተይና የዘይቱን ብቻ፣ እሱንም ውጭ ስትወጪ ተጠቀሚ። ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ሰው ተጨናንቆ ስለሚያድር ለዚያ ምንም አትቀቢ። ቡና ሲፈላም ከባዱን ሽቶ ተቀብተሽ አትቀመጪ፤ የቡናው መዓዛ ይሸፈናል። ዋጋውን ጠይቀሽ ጻፊልኝ፤ የጎደለሽን እልካለሁ።

እናትሽ