ኔትወርኩ ምንም አልሆነም ነበር

ወንድሜ እንዴት ነህ፣ ሰላም ነው? እናትህስ እንዴት ናቸው፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው? መጀመሪያ የምትለውን አውቀዋለሁ፣ "ዛሬ ከየት ተገኘህ" ነው፣ ስድብ ካለህም ጨምርበት አልቀየምም። ስድስት አመት ሙሉ በአል በመጣ ቁጥር አንድ ፎርዋርድ ሜሴጅ፣ እሱም ለሁሉም ሰው የላኩትን ነው፣ ያንተ የሆነ አንድ ቃል የለበትም።

ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልናገርና ይውጣልኝ። ያን ቀን ስልክ ላይ ስለ ጋሼ ስታወራኝ "በሳንባ አይደለም የሞተው፣ ኤችአይቪ ነው" አልከኝ፣ እሺ እሱን ጠርጥረን ነበር ሁላችንም፣ ከዛ ድምፅህን ዝቅ አርገህ "ደግሞ እሱ እኮ ሴት አልነበረም የሚወደው" ስትለኝ እኔ ሃሎ ሃሎ አይሰማም ኔትወርኩ ተቆራረጠ ብዬ ዘጋሁት። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም ነበር። ጥርት ብሎ ነው የሰማሁህ። በማግስቱ እደውላለሁ አልኩ፣ ከዛ በሚቀጥለው ሳምንት አልኩ፣ ከዛ በቃ አፈርኩ፣ ሀፍረት ደግሞ ታውቀዋለህ ባደረ ቁጥር ወለድ አለው።

አሁን ምን አስነሳህ ካልከኝ አንድ መጽሐፍ ነው። እኔ አሁንም ሆቴል ላውንድሪ ነኝ፣ አንሶላ ሳጥፍ ነው የምውለው፣ እና ዩኒየን (የሰራተኛ ማህበራችን) ቢሮ ለሆነ ፎርም ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ መደርደሪያ ላይ አየሁት። የክሊቭ ጆንስ የህይወት ታሪክ ነው፣ ራሱ በ2016 ያወጣው (አመቶቹንም ቀኖቹንም ሁሉ በፈረንጅ ነው የምልህ)። ጀርባውን ሳነብ የጌይ መብት ታጋይ ይላል፣ እውነቱን ልንገርህ መልሼ አስቀመጥኩት። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ "እሱ እኮ የኛ ሰው ነው፣ ለሆቴል ሰራተኛ ስንት አመት የለፋ" ስትለኝ አፍሬ ወሰድኩት። እውነትም ዩናይት ሂር ውስጥ፣ የኛ ዩኒየን ማለት ነው፣ አመታት ሰርቷል፣ ጌይ ሰዎች ሲጓዙ ሰራተኛውን የሚያከብር ሆቴል ብቻ እንዲያድሩ የሚቀሰቅስ ዘመቻ ነበረው። እኔ የሱ ድካም ያለበትን ደሞዝ እየበላሁ ስሙን አላውቅም ነበር።

ሰውዬው በ1954 ኢንዲያና ተወልዶ አሪዞና ነው ያደገው። ሃይስኩል እያለ ልጆች እየደበደቡት ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ለማምለጥ ሳንባዬን ያመኛል እያለ ላይብረሪ ይቀመጥ ነበር (ሳንባ! እዚችጋ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ)። ራሱን ለማጥፋት ኪኒን ያጠራቅም ነበር፣ ደብቆ፣ አንድ አንድ እያለ። ከዛ አንድ ቀን ላይፍ መጽሔት ላይ እንደሱ አይነት ሰዎች ተሰባስበው መብታችን እያሉ ሰልፍ የሚወጡ መሆኑን አነበበ። ለካ ብቻዬን አይደለሁም። መጽሔቷን ከላይብረሪው ሰርቆ ፍራሽ ስር ደበቃት፣ ኪኒኑን ሽንት ቤት ለቀቀበት። ጋሼ እንደዛ አይነት መጽሔት ከየት ያገኝ ነበር ብዬ አሰብኩ።

ከዛ ሳን ፍራንሲስኮ መጣ፣ ሃያ አመት እንኳን ሳይሞላው፣ በኪሱ ምንም የለ። ካስትሮ የሚባለው ሰፈር ካሜራ ቤት የነበረው ሃርቪ ሚልክ ፖለቲካ አስተማረው። ሚልክ በ1977 የከተማው ምክር ቤት ተመርጦ ሲገባ ክሊቭ ቢሮው ውስጥ ተለማማጅ ተማሪ ነበር። በ1978 ጆን ብሪግስ የሚባል የካሊፎርኒያ ግዛት ሴናተር ጌይ የሆነ አስተማሪ፣ እነሱን የደገፈም ጭምር፣ ከመንግስት ትምህርት ቤት ይባረር የሚል ህግ ለህዝብ ድምፅ አቀረበ፣ እነ ሚልክ በር እያንኳኩ ተከራከሩ፣ ህዳር 7 ህጉ ወደቀ። ያሸነፉበት ዘዴ ምን መሰለህ፣ ሁላችሁም ለቤተሰባችሁ ለጎረቤታችሁ ማን እንደሆናችሁ ንገሩ ነው፣ የሚያውቁትን ሰው አባሩ ተብሎ መምረጥ ይከብዳቸዋል ብለው። ያንተ ስልክም ይሄው ነበር እኮ። ነገርከኝ፣ እኔ ደግሞ ዘጋሁብህ።

ድሉ ሃያ ቀን ነው የቆየው። ህዳር 27 ዳን ዋይት የሚባል፣ ከዛው ምክር ቤት በፈቃዱ ለቆ መልሱኝ ሲል የነበረ ሰው፣ ሽጉጥ ይዞ በምድር ቤት መስኮት ገብቶ ከንቲባውን ጆርጅ ሞስኮኒንና ሚልክን ገደለ። ክሊቭ ሲደርስ መጀመሪያ ያየው ጫማውን ነው። ሚልክ ሰልቫጅ የገዛት ያረጀች ጫማ ነበረችው፣ እግሩ ከበሩ ወጣ ብሎ ይታያል፣ በጫማዋ አወቀው። ያኔ 24 አመቱ ነው። በ1979 ፍርድ ቤቱ ዋይትን አስቦና አቅዶ ገደለ ሳይል ቢበዛ 7 አመት ከ8 ወር በሚያስቀጣው ቀላል አንቀጽ ጥፋተኛ ሲለው ከተማው ተቃጠለ፣ የፖሊስ መኪኖች ነደዱ። በማግስቱ ደግሞ የሚልክ ልደት ነበር፣ በሺ የሚቆጠር ሰው ካስትሮ መንገድ ላይ ወጥቶ ለሞተ ሰው መልካም ልደት ዘፈነ። ሚልክ ትቶለት የሄደው ሜጋፎን አለ፣ እሱንም ለሚልክ የሰጠው የሾፌሮቹ ዩኒየን ሰው ነበር፣ የአንድ ቢራ ፋብሪካ ምርት አትግዙ ብለው አብረው በታገሉ ጊዜ። ዞሮ ዞሮ ክሊቭ ዩኒየን ውስጥ መግባቱ እንግዲህ አይገርምም።

ከዛ ኤድስ መጣ። ይሄን ክፍል በአንድ ቁጭታ ማንበብ አልቻልኩም፣ ስሞች ናቸው፣ ገጽ በገለጥክ ቁጥር ሰው ይሞታል። በ1985 ለሚልክ መታሰቢያ ሻማ ሲበራ ከተማው ውስጥ በበሽታው የሞተው ሰው አንድ ሺ ደርሶ ነበር፣ ክሊቭ ሰልፈኛውን የሞተባችሁን ሰው ስም ካርቶን ላይ ጻፉ አላቸው፣ ከዛ በመሰላል ወጥተው የፌደራሉ ህንጻ ግድግዳ ላይ ለጠፉት። ራቅ ብሎ ሲያየው ምን መሰለው፣ ክዊልት፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ እየተገጣጠመ የሚሰፋ የአያቶቹ አልጋ ልብስ። ሀሳቡን ለሰው ሲነግር እብድ ነው አሉት። የቅርብ ጓደኛው ማርቪን ፌልድማን ከሞተ በኋላ፣ በ1987 መጀመሪያ ላይ፣ የመጀመሪያውን ጨርቅ ጓሮው ውስጥ ሰራለት። ልኩ 3 በ6 ፊት (90 ሳንቲሜትር በ1 ሜትር ከ80 ግድም) ነው፣ የመቃብር ልክ። እዛው አመት ጥቅምት 11 ዋሽንግተን ሜዳው ላይ ሲዘረጋ 1,920 ነበር፣ ስሞቹ አንድ በአንድ በማይክ ተነበቡ። ቀኑ ደግሞ የራሱ 33ኛ ልደት ነው። አሁን ወደ 50,000 ጨርቅ ደርሷል፣ ክብደቱ 54 ቶን። 54 ቶን ሲሉ ላንተ ቁጥር ነው፣ እኔ ግን በየቀኑ እርጥብ አንሶላ ስለምጎትት ወገቤ ነው የሰማው።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ በ2022 ሰኔ ላይ እዚሁ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ጎልደን ጌት ፓርክ ወደ 3,000 የሚጠጋው ተዘርግቶ ነበር፣ እኔ በአውቶቡስ በዛ አልፌያለሁ። ነጭ የለበሱ ሰዎች ሳር ላይ ትልልቅ ጨርቅ ሲገልጡ አየሁ፣ ሰርግ መሰለኝና ስልኬን ማየት ቀጠልኩ። አሁን ነው ማታ ማታ ኢንተርኔት ላይ እያጎላሁ የማየው። አንዱ ላይ የጂንስ ሱሪ እንዳለ ተሰፍቷል፣ አንዱ ላይ ከረቫት፣ አንዱ ላይ የልጅ አሻንጉሊት ድብ። ስፌቱን አያለሁ ከልማድ፣ አንዳንዱ መርፌ ይዞ እንደማያውቅ ያስታውቃል፣ አጣምሞታል፣ ግን ሶስት አራት ጊዜ ደጋግሞ ወግቶታል እንዳይፈታ። ስም የሌላቸውም አሉ፣ ወይ የራሱ ስም ብቻ ያለአባት፣ ወይ አንዲት ፊደል። ቤተሰብ እንዳይሰማ ነው። ጓደኞቹ ናቸው የሰፉለት፣ ቤተሰቡ በሌላ በሽታ ነው የቀበረው። ታውቀዋለህ ይሄን።

ክሊቭ ራሱም ቫይረሱ ነበረበት፣ በ90ዎቹ መጀመሪያ አልቆለት ነበር፣ መድኃኒቶቹ ተቀናጅተው መሰጠት ሲጀምሩ ነው የተረፈው፣ ዛሬ ሰባ አልፎታል። እንደ ጸሐፊ ካየኸው የተራቀቀ አይደለም፣ ሜጋፎን የለመደ ሰው ጽሁፍ ነው፣ ቁጭ አርጎ ነው የሚያወራህ፣ ለወጣትነቱ ብዙ ገጽ ሰጥቶ መጨረሻውን ሮጦበታል። ግን አንድም ሰው ያለ ስም አይሞትበትም። የካስትሮ ቤቱን እንኳን በ2022 ኪራዩ ከእጥፍ በላይ ጨምሮበት ሰፈሩን ለቆ ወጣ፣ ይሄን ሁሉ ለከተማው ሰርቶ። ዩኒየን ቢሮ ይሄን ሳወራ ሁሉም የራሱን ኪራይ ማውራት ጀመረ፣ ተወው።

እና ወንድሜ፣ ለክዊልቱ የተሰፋ ጨርቅ አሁንም ይቀበላሉ። እዚህ ላውንድሪ ስፌት ማሽን አለን፣ የተቀደደ የምትጠግነዋ ሴትዮ ከስራ በኋላ ተጠቀም ብላኛለች። ለጋሼ ልሰፋለት አሰብኩ፣ ያን ቡኒ ሹራቡን ካላችሁ ቁራጭ ብትልክልኝ፣ ባይኖርም ቀለሙን አልረሳሁትም፣ ኳስ ሊያሳየን ስቴዲየም ሲወስደን በረደኝ ስል አውልቆ ያለበሰኝ እሱን ነው። አይሆንም ካልክ ግን አይሆንም፣ ውሳኔው ያንተ ነው፣ እናትህ እንዲሰሙ ካልፈለግክም ይገባኛል፣ ሙሉ ስሙን ትተን የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ ማድረግ ይቻላል። ብቻ እሷንም ቢሆን አንተን ሳልጠይቅ አልችልም፣ ደብተሩ ላይ ስንቴ አይቼ ረሳሁት፣ ስሙን ሲጽፍ በንጉሡ ሠ ነበር ወይስ በእሳቱ ሰ?