በተሽከርካሪ ጉድለት የተጎዱ ሰዎች በአንድነት የሚከሱበት መንገድ እንዲከፈት፦ ለፍትሕ ሚኒስቴር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ
ፍትሕ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 38 እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

ክቡራን የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች፣

በአዳማ ከተማ በጥብቅና ሙያ የምተዳደር ዜጋ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አንድ ዓይነት የፋብሪካ ጉድለት ያለባቸውን ተሽከርካሪዎች የገዙ ሰዎች በየግላቸው ከስሰው በየግላቸው ሲሸነፉ ማየት ስለከበደኝ፣ መፍትሔውም በዋናነት በእናንተ እጅ እንዳለ ስለማምን ነው።

ከአዳማ ወደ አሰላና ወደ ወንጂ የሚሠሩ ተመሳሳይ ሚኒባሶች ያሏቸው ባለንብረቶች በተለያየ ጊዜ ወደ ቢሮዬ መጥተዋል። የአንደኛውን መኪና ጋራዥ ድረስ ሄጄ አይቼዋለሁ። መካኒኩ የኋላውን ባሌስትራ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውን ብረት ቤንዚን በነካ ጨርቅ ሲጠርገው፣ ከብየዳው ጠርዝ ተነሥቶ ወደ ሻንሲው የሚዘልቅ ቀጭን ስንጥቅ ወጣ። አጠገቡ የቆመውን የሌላ ሰው መኪና በክሪክ አንሥቶ ሲያሳየኝ ደግሞ ስንጥቁ በዚያው ጎን፣ በዚያው ብየዳ ላይ ነበር። ለሁለቱም ባለንብረቶች ከሻጩ የተሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «ከልክ በላይ ጭናችሁ ነው»። ለአንድ መኪና ይህ መልስ እውነት ሊሆን ይችላል። በተለያዩ ሾፌሮች እጅ በተለያየ መስመር የሚሠሩ መኪኖች በአንድ ቦታ ሲሰነጠቁ ግን ጥያቄው ወደ አምራቹ መዞር ነበረበት። ዳኞቹን አልወቅስም፤ በእያንዳንዱ መዝገብ የሚያዩት አንድ ከሳሽና አንድ መኪና ብቻ ስለሆነ፣ የጭነት ክርክሩ ሚዛን ቢደፋ አይገርምም።

ብዙዎቹ መኪናውን የገዙት በባንክ ብድር ነው። መኪናው በቆመ ቁጥር የዕለቱ ገቢ ይቀራል፣ የብድሩ ክፍያ ግን አይቆምም፤ በዚህ ላይ የዳኝነት፣ የባለሙያ ምርመራና የጠበቃ ወጪ ሲጨመር የክሱ ወጪ ከሚጠየቀው ካሳ ይበልጣል። ስለዚህ አንዳንዱ ስንጥቁን አስበይዶ መኪናውን ለሌላ ይሸጠዋል። እንቅልፍ የሚነሣኝ ይህ ነው። ሁለተኛው ገዢ ከአስመጪው ጋር ውል ስለሌለው በውል ሊጠይቀው አይችልም፤ ተሳፋሪው ደግሞ ምን ላይ እንደተቀመጠ እንኳ አያውቅም።

ሕጋችን ባዶ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2085 ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አገልግሎት ላይ እያለ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሸማቹን ካሳ የማግኘት መብት ያውቃል። ችግሩ መብቱን ይዞ ችሎት የሚገባበት በር ላይ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 38 ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸውን ብዙ ሰዎች ወክሎ መክሰስን ቢፈቅድም፣ ሁሉም በውክልናው መስማማታቸው ለፍርድ ቤቱ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። መኪኖቹ ከአዳማ እስከ ጅማና ደሴ ተበትነው ባሉበት፣ የገዢዎቹ ዝርዝርም በሻጩ እጅ ብቻ በሆነበት ሁኔታ ይህን ማሟላት የሚችል ከሳሽ የለም። ፈላልጎ ለመሰባሰብ ጊዜ ሲወሰድ ደግሞ፣ ከውል ውጭ የሆነ የካሳ ጥያቄ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት በ2 ዓመት ይርጋ፣ ማለትም በክስ ማቅረቢያ ጊዜ ማለፍ፣ ይታገዳል።

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 37 ንዑስ አንቀጽ 2 ግን ማንኛውም ማኅበር የአባላቱን የጋራ ወይም የግል ጥቅም ወክሎ፣ ማንኛውም ቡድን ወይም ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸውን ሰዎች የሚወክል ግለሰብም ስለ እነርሱ ሆኖ ፍትሕ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። ከዚያ ወዲህ ከ30 ዓመት በላይ አልፏል፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ይህን መብት ተከትሎ ሊስተካከል ይገባው ነበር። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት የማይጠበቅበት ሰው ጭምር እንዲከስ ከፈቀደ፣ በፍሬንና በሻንሲ ጉድለት ሕይወቱ አደጋ ላይ ለወደቀ ሰው ከዚያ ያነሰ መፍቀድ ምክንያት የለውም።

በሌላው ዓለም የሆነውን መመልከት ይጠቅማል። የታካታ ኩባንያ ኤርባጎች በሙቀትና በእርጥበት ብዛት የሚነፋቸው ባሩድ እየተበላሸ፣ ሲፈነዱ የብረት ስብርባሪ ወደ ተሳፋሪው ይረጩ ነበር። በአሜሪካ ባለመኪኖች በቡድን ከስሰው እ.ኤ.አ. በ2017 ቶዮታን ጨምሮ አራት አምራቾች 553 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። በዚሁ ጉድለት ምክንያት ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2015 ለጥገና ከጠራቸው ሞዴሎች መካከል በከተማችን ጎዳና ዘወትር የምናያቸው ኮሮላና ቪትዝ ይገኙበታል፤ ከማውቃቸው ባለቤቶች ግን ጥሪው የደረሰው የለም። ጀርመን የጭስ ልኬትን በሚያታልሉት የቮልስዋገን የናፍጣ ሞተሮች ጉዳይ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ የክስ ሥርዓት አበጅታ፣ የሸማቾች ማኅበራት ፌዴሬሽን ባቀረበው አንድ ክስ እ.ኤ.አ. በ2020 ከ200 ሺህ በላይ ባለመኪኖች የካሳ ስምምነት አግኝተዋል። እነዚህ ሰዎች ስማቸውን ለማስመዝገብ የከፈሉት ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ሚኒስቴሩ ቁጥር 38ን የሚያሻሽል ረቂቅ እንዲያዘጋጅ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የሁሉም ስምምነት በቅድሚያ መረጋገጡ ቀርቶ፣ ክሱ በመገናኛ ብዙኃን ከተነገረ በኋላ መውጣት የሚፈልግ እንዲወጣ ቢደረግ፤ ክሱ በተከፈተበት ቀን ይርጋው ለሁሉም ተጎጂዎች እንዲቋረጥ ቢደነገግ፤ ሻጩም የገዢዎችንና የሻንሲ ቁጥሮችን ዝርዝር ለፍርድ ቤት እንዲያቀርብ ቢገደድ ብዙው ችግር ይቃለላል። በተለይ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ዜጋው ወደ ኤሌክትሪክ መኪና እየዞረ ነው፤ የእነዚህ መኪኖች የብልሽት ማስረጃ ደግሞ ባብዛኛው በአምራቹ ሶፍትዌር ውስጥ ስለሚቀመጥ አንድ ሰው ለብቻው ሊያወጣው አይችልም።

ረቂቁ ሲዘጋጅ በክልል ከተሞች የምንሠራ ጠበቆች፣ መካኒኮችና ባለንብረቶች አስተያየት እንድንሰጥ እንዲጋብዘን እለምናለሁ። እኔም ባለጉዳዮቼ እስከፈቀዱ ድረስ በእጄ ያሉትን መዛግብትና የምርመራ ውጤቶች ለማቅረብ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
በአዳማ ከተማ ነዋሪ የሆነ ጠበቃ

ግልባጭ፦
ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር
ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ